ይድረስ ለእህት ዓለም

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ሥራ በዛብኝ ብዬ አላመካኝም፤ ኩራት ነው ያስቀረኝ። በዚያ የኮሌራ ወረርሽኝ ሰሞን፣ በሌሊቱ ተረኝነታችን ከተጋጨን በኋላ መሳሳቴ ሲገባኝ ምን ብዬ እንደምጀምርልሽ ጠፋኝ።

ያ የአምስት ዓመት ልጅ ትዝ ይልሻል? ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሆዱ ላይ ያለው ቆዳ ሲቆነጠጥ አልመለስ ብሎ፣ የሚያስቀምጠው የሩዝ ውሃ መስሎ ነበር የመጣው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴቱ፣ ሲገባለት ነፍስ ዘራ፤ ትውከቱም ቆመ። ያን ጊዜ አንቺ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ እንስጠው አልሽ። እኔ ደግሞ “ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ? ጥርሱን ልታበላሺው ነው?” ብዬ በሰው ፊት ጮህኩብሽ።

ልጁ ዳነ፤ ግን ባልዲው ስንት ጊዜ እንደሞላ፣ እናቱም ስንት ሌሊት እንዳልተኛች አልረሳውም። ፀረ ባክቴሪያው ቢሰጠው የተቅማጡ መጠንም ቆይታውም በግማሽ ያህል ይቀንስለት ነበር። በዓይነ ምድሩ ጀርሙን የሚያወጣበት ጊዜም ያጥር ነበር።

የኔ ፍርሃት ከዶክሲሳይክሊን ዘመድ፣ ከድሮው ቴትራሳይክሊን የወረስኩት ነው። እሱ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ በማደግ ላይ ባለ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ዶክሲሳይክሊን ግን ካልሲየምን የሚይዘው በላላ ሁኔታ ነው፤ ያውም ለኮሌራ የሚሰጠው አንዴ ብቻ፣ በኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ነው። አሁን ለሕፃናትም የመጀመሪያ ምርጫ ሆኗል። ጀርሙ ዶክሲሳይክሊንን ከተላመደው ግን አዚትሮማይሲን የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣል፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ እሱም አንዴ። እውነቱ ከአንቺ ጋር ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በአንድ ነገር ግን ዛሬም አልተለወጥኩም። ለጤነኛው መንደር ሁሉ መድኃኒት ማደልን አልቀበልም። ታንዛኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመረው ወረርሽኝ ቴትራሳይክሊን ለመከላከያ በገፍ ተሰጥቶ፣ በወራት ውስጥ ባክቴሪያው ተላምዶት ተገኝቷል። ነገ በጠና ለሚታመመው ልጅ ምን ይቀርለታል?

አሁን አዲስ የሚመጡትን ነርሶች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሁሉም ቀድመው የሚጠይቁኝ የመድኃኒቱን ስም ነው። እኔ መጀመሪያ ልጁን መዝኑት እላቸዋለሁ። ሰውነቱ በጠና ለደረቀ ልጅ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር ይገባል፤ ዓመት ለሞላው በ3 ሰዓት፣ ላልሞላው በ6 ሰዓት። መጠጣት ሲችል ኦ.አር.ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው ጨውና ስኳር)፣ ጡት የሚጠባም ከሆነ ጡቱ ሳይቋረጥ። ዚንኩንም እንዳይረሱ እጨቀጭቃቸዋለሁ። ፀረ ባክቴሪያው የሚመጣው ትውከቱ ጋብ ሲል ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ድምፅሽ ይሰማኛል።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። የተፈጨው ክኒን ይመርራቸውና ይተፉታል። አንቺ ግን ያለ ለቅሶ ታስውጫቸው ነበር፤ ቆሜ እያየሁ እንኳ ዘዴውን አልያዝኩትም። እንዴት ታደርጊ እንደነበር ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ