ብርሽ ጨንቻ ሊሄድ ነው

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017

ውዴ፣

ይኼን ስታዪ መጀመሪያ የምትዪውን አውቀዋለሁ። «እኔ እኮ ሞታለች ብዬ ነበር» ነው የምትዪው። አልሞትኩም። ሥራ በዝቶብኝም አይደለም። ያበደርሽኝ ብር ነው ያሳፈረኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም፤ ይኼ ደግሞ ከመጠየቁ ይብሳል። ስምሽ ስልኬ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «በቦነሱ እከፍላትና እደውላለሁ» እያልኩ ይኸው እዚህ ደረስኩ። የእማማን መታመምም መዳንም የሰማሁት ከሰው ነው። ይቅር በዪኝ። በቃ፣ ቀሪውን ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ።

አሁን የጻፍኩልሽ ጉድ ስለገጠመኝ ነው። ቦነሱ ጨንቻ ሊሄድ ነው።

አትሳቂ። ሥራ አስኪያጃችን ከወር በፊት ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ነበር። ሲመለስ ቸኮሌትና አንድ ሐሳብ ይዞልን መጣ። ዘንድሮ ለጎበዝ ሠራተኛ ጥሬ ብር የለም። በምትኩ አሥራ ሁለት ሰው ይመረጥና ለአንድ ሳምንት በጎ ፈቃድ ሊሠራ ይሄዳል። እስከ አርባ ምንጭ አውሮፕላን፣ ከዚያ መኪና፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ ቲሸርት። ሥራው የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ቀለም መቀባትና አጥር ማጠር። ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ፊት ቆሜ በፈገግታ የማነበውም እኔ። የሰው ሀብት ኃላፊ ነሽ አይደል የሚሉኝ!

ሐሳቡን ከመሬት ተነስቶ አላመጣውም። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ሠራተኞቹን አሥር አሥራ አምስት እያደረገ ለአንድ ወር ያህል ወደ ታዳጊ አገሮች ይልክ ነበር። ሴልስፎርስ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ደግሞ በዓመት ሰባት ቀን፣ ደመወዝ ሳይነካ፣ በጎ ፈቃድ ሥሩበት ይላል። ሁለቱንም በስላይድ አሳየኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን «ቦነሱን አስቀርተን» የሚል ቃል አጣሁ። ያ ጉዞ በደመወዝ ላይ የተጨመረ ነው፣ የተተካ አይደለም። ደግሞም የአይቢኤም ሰዎች ብሩሽ አልያዙም። የሄዱት በሙያቸው ሊያማክሩ ነው።

ሕጉንም አየሁ፣ ምናልባት ያስጥለኝ እንደሆነ። አላስጣለኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ቦነስን ከደመወዝ አይቆጥረውም። የእኛ የቅጥር ውል ላይም ስለ ቦነስ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ አለቃዬ ሕግ አልጣሰም። የጣሰው የሰውን ሒሳብ ነው።

ወሬው መቼም አይደበቅም፣ አፈተለከ። መጀመሪያ የመጣው ሹፌራችን ነው። በሩን ሳያንኳኳ ገባና «አበሉ ስንት ነው?» አለኝ። አበል የለም፣ በጎ ፈቃድ ነው አልኩት። ትንሽ ቆመ። «ማለቴ፣ የውሎ አበሉ» አለ። ሳቄ መጣ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ቀጥላ ገንዘብ ያዧ ጠራችኝ። የሦስት ልጆች እናት ናት። መሳቢያዋን ከፈተችና የልጆቿ ትምህርት ቤት የላከውን ወረቀት አወጣች። የመጪው ዓመት ምዝገባ እስከ ሐምሌ 15። ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ አስምራበታለች። ከጎኑ በእርሳስ ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፤ «ቦነስ» ብላ ጽፋ ያከበበችው ቁጥር አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ የማን ደመወዝ የማንን ኪራይ እንደሚችል ታውቂያለሽ። «ዝርዝሩ ላይ አለሁበት አሉ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ጨንቻ ደርሼ ስመለስ ይኼን ወረቀት ምን ልበለው?» ምን ልበላት? «እስቲ እናያለን» ብዬ ወጣሁ። ራሴን ጠላሁት።

ጡረታ ወጥቶ በኮንትራት የተመለሰ ሒሳብ ሠራተኛ አለን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ ዘምቼ ጨርሻለሁ» አለ። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘማች ነው። ተማሪና አስተማሪ ወደ 60 ሺህ ሰው ገጠር የወረደበት ያ ዘመቻ፣ ልክ 50 ዓመቱ። «ከፋ ነበርኩ። መጸዳጃ ቆፈርንላቸው። ገበሬው እህል አስቀመጠበት» አለና ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን እየወለወለ፣ እኔን ሳያይ፣ «ግን ከዚያ ወዲህ ገበሬ መናቅ አቃተኝ» አለኝ።

ይቺ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ምክንያቱም እኛም ያን ክረምት ትምህርት ቤት ልንቀባ ሄደን... የሰማያዊውን ቀለም ነገር አታንሺብኝ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀብተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ አጨብጭበውልን መጣን። መስከረም ሳይጠባ ተላጠ አሉ። ዳይሬክተሩ ግን ቡና ሲያፈሉልን አንድም ቀን አልነገሩንም። ያ ሳምንት ለእነሱ ምን አተረፈላቸው ብትዪኝ መልስ የለኝም። ለእኔ ግን፣ ልንገርሽ፣ በሕይወቴ ካሳለፍኩት ሁሉ አይበልጥም ለማለት ይከብደኛል። አንቺም ከዚያ በኋላ አይደል እዛው አገር አስተማሪ ሆነሽ የቀረሽው?

እና እየዞርኩ ነው፣ ልናዘዘው። ዝርዝሩ ላይ እኔም አለሁበት። አሥራ ሁለተኛዋ ነኝ። ጨንቻ የሚሄደው ቦነስ ያንቺ ብር ነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ መሄድ እፈልጋለሁ። ቀለም ለመቀባት አይደለም፤ እዚያ ያለው የዶርዜ ሰው እኮ ከቀርከሃና ከእንሰት ዝሆን የሚያክል ቤት የሚያቆም ነው። ቤቱን ከእግሩ ምስጥ ሲበላው የተበላውን ይቆርጥና ይኖርበታል፣ ሲፈልግ ደግሞ ለብዙ ሆኖ ተሸክሞት ቦታ ይቀይራል። እኛ ከወንበር የማንነሳ ሰዎች አጥር ልናጥርለት? ያውም በሐምሌ ዝናብ፣ ያን ዳገት ወጥተን?

ትናንት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ብር የሚፈልግ ብሩን ይውሰድ፣ ጉዞ የሚፈልግ ይሂድ» አልኩት። «እንደሱ ካልን ማን ይሄዳል?» አለኝ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም የሰማው መሰለኝ፤ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔም አልጨመርኩበትም። «እስከ ሰኞ ጻፊውና እንየው» አለ። በሩ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም፣ እንጃ።

ስለዚህ እርጂኝ። አንቺ ጨንቻ ሁለት ዓመት አስተምረሽበታል፣ ሰው ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱን ጠይቂልኝ፤ የሚጎድላቸው ምንድን ነው? የንብረት መዝገብ የሚያስተካክል ሒሳብ ሠራተኛ? ተበላሽቶ የተቀመጠ ኮምፒውተር የሚያይ ሰው? እሱማ አለን። ወይስ የአሥራ ሁለት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ተሰብስቦ ለእዛው ግንበኛ ቢሰጥ ይሻላቸዋል? ይኼንንም ቢሉ ጻፊልኝ፣ አልቀየምም። እስከ እሑድ ማታ ብቻ። ቀለም ካሉሽ ግን እንዳትነግሪኝ።

ብርሽን ከመስከረም ጀምሮ ከደመወዜ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እልካለሁ። አሁን የምምል አፍ የለኝም፣ ስልክ ግን አነሳለሁ።

ያንቺው

ልረሳው ነበር፦ ቲሸርቱ አሥራ ሦስት ነው የታዘዘው። ትርፏን መካከለኛ ቁጥር አስደርጌያታለሁ። ወፍረሻል እንዴ?