ለአንዱ በቃል የተፈቀደ፣ ለሌላው በጽሑፍ የተከለከለ

ለመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በመመሪያ ድምፁ ስለተዘጋ ላፕቶፕ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ጽፈንልዎታል። ለመጀመሪያው «ደርሶናል» ተባልን። ለሁለተኛው መልስ ሆኖ የመጣው የመመሪያው ቅጂ ነው፤ በየቀኑ የምናስፈጽመው እኛው ስለሆንን ለማንበብ አልተቸገርንም። ሦስተኛው የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። አራተኛውን በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነ።

መመሪያው በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ነፃ ያልሆነ ፋይል፣ ማለትም ማንም ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሩ የጻፈውን) አንብቦና ለውጦ ሊጠቀምበት የማይችለው፣ እንዳይጫን ያዛል። መንፈሱን አንቃወምም፤ ዴቢያን የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት የመረጥነውም በዚሁ መንፈስ ነው። ነገር ግን ዓይነ ሥውሩ ባልደረባችን የተሰጠው አዲስ ላፕቶፕ ድዳ ነው። ኦርካ የተባለው የስክሪን አንባቢ ይነሣል፣ ገጹንም ያነባል፤ የሚወጣ ድምፅ ግን የለም። የድምፅ ማስተካከያውን ሲከፍቱ የሚታየው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፦ «ደሚ አውትፑት»። ድምፅ ማጉያ ሲጠፋ ለይምሰል የሚቀመጥ ስም ነው። «የተሟላ ዕቃ ተረክቤያለሁ» የሚለውን የርክክብ ቅጽ ሌላ ሰው አነበበለትና ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውንም፣ የደመወዝ መግለጫውንም አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጮክ ብሎ ያነብለታል። ክፍሉ ሙሉ ይሰማል።

ምክንያቱን ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ቢሆንም ሌላውም ሰው ይወቀው። በዛሬ የኢንቴል ላፕቶፖች ውስጥ ለድምፅ ብቻ የተመደበች ትንሽ ፕሮሰሰር አለች። ማሽኑ በበራ ቁጥር ባዶዋን ነው የምትነሣው። ድራይቨሩ (ሥርዓቱን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም) ፈርምዌሯን፣ ማለትም ዕቃዋ ውስጥ የሚሮጠውን ፕሮግራም፣ ከዲስክ አንሥቶ ካላጎረሳት አትሠራም። የከርነሉን (የሥርዓቱን እምብርት) መዝገብ በ«ዲሜሴጅ» ትእዛዝ ከፍተን «ሶፍ» የሚለውን የፈርምዌሩን አጭር ስም ስንፈልግ ያገኘነው ይህንኑ ነው፦ ፈርምዌሩን መጫን አልተቻለም፣ ስህተት -2። በሊኑክስ -2 ማለት «የጠየቅኸው ፋይል የለም» ማለት ነው። ድራይቨሩ አለ፣ ቺፑ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው ፋይሉ ነው።

ሌላ መንገድ አልሞከራችሁም እንዳይባል፦ ሞክረናል። ከርነሉ ያቺን ፕሮሰሰር ትቶ በአሮጌው የኤችዲኤ ድራይቨር እንዲሠራ የሚያስገድድ ቅንብር አለ፤ የዲኤስፒ (የዚያችው ፕሮሰሰር) ድራይቨር ምርጫውን 1 ማድረግ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ይሠራል፤ ድምፅ ማጉያው ይመለሳል፣ የውስጡ ማይክሮፎን ግን ይቀራል፤ ምክንያቱም ዲጂታሎቹ ማይክሮፎኖች የተገናኙት ከዚያችው ፕሮሰሰር ጋር ነው። በዚህ ሞዴል ግን የድምፅ ቺፑ ራሱ የተያያዘው ሳውንድዋየር በተባለ ሌላ ዓይነት መስመር ስለሆነ አሮጌው ድራይቨር የሚያናግረው ነገር አያገኝም። ያለ ፋይሉ መውጫ የለም።

አሁን ወደሚያናድደው እንምጣ። ይህ ፋይል እርስዎ የሚያስቡት ዓይነት ምስጢር አይደለም። ሳውንድ ኦፕን ፈርምዌር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ያለ ፕሮጀክት ነው፤ ሶርስ ኮዱም ክፍት ነው፣ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ኮምፓይል ያደርገዋል። ችግሩ ቺፑ ላይ ነው፦ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች በኢንቴል ቁልፍ ያልተፈረመ ፋይል አይቀበልም። እኛ ከዚያው ኮድ የሠራነውን ብንሰጠው ይመልሰዋል። ዴቢያን የተፈረመውን ቅጂ «ፈርምዌር ሶፍ ሳይንድ» በሚል ጥቅል ነፃ ካልሆኑት ፈርምዌሮች ጎን ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ትክክል ነው፤ የተጠቃሚው የመለወጥ መብት በፊርማው ታስሯልና። የእናንተ መመሪያ ግን ሶርሱ የተከፈተውንና ሶርሱ ከናካቴው ታይቶ የማያውቀውን በአንድ ጆንያ አስሮ ወረወረ።

ከዚህ የሚብስም አለ። ዴቢያን ለራሱ ጥብቅ ነው፤ ከእናንተ መምሪያ ይልቅ ለነፃ ሶፍትዌር ብዙ ዋጋ የከፈለ ማኅበረሰብ ነው። «የማኅበራዊ ውል» የሚለውን የመርሆዎቹን ሰነድ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ2011 በወጣው ዴቢያን 6 ነፃ ያልሆኑ ፈርምዌሮችን ከከርነሉ ለቅሞ አወጣ። ለዓመታትም ይፋዊው መጫኛ ያለ ፈርምዌር፣ ፈርምዌር ያለበት ደግሞ «ይፋዊ ያልሆነ» ተብሎ በጓሮ ይቀመጥ ነበር። ውጤቱን ሁላችንም አየነው፦ ዋይፋይ የሌለው መጫኛ፣ በኤኤምዲ ግራፊክስ ላይ ጭልም ያለ ስክሪን፣ ለዓይነ ሥውራን ደግሞ ዝም ያለ ማሽን። የድምፁ ነገር ከክርክሩ ምክንያቶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ውሉን አሻሻሉ፤ በሰኔ 2023 በወጣው ዴቢያን 12 አንድ መጫኛ ብቻ ሆነ፣ አስፈላጊው ፈርምዌር በውስጡ ነው፣ «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» በሚል የተለየ ክፍል ተከልሎ። ለማይፈልገው ሰው መዝጊያ ተተወለት። በጽሑፍ፣ በግልጽ፣ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነገር ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ባልደረባችን ፍላሹን ሰክቶ፣ ማሽኑ ሁለት ጊዜ «ቢፕ» ሲልለት (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም ዩኢኤፍአይ ከሆነ ሁለት ነው፣ አሮጌው ባዮስ ከሆነ አንድ)፣ «ኤስ»ን ከዚያም «ኢንተር»ን ቢጫን መጫኛው ራሱ ያናግረው ነበር። ቋንቋ ምረጥ፣ ዲስክ ምረጥ እያለ እስከ መጨረሻው። የማንም እርዳታ ሳያስፈልገው ራሱ ይጭነው ነበር። እኛ ግን በመመሪያው መሠረት በማስነሻው ዝርዝር ላይ «ኢ»ን ተጭነን፣ «ሊኑክስ» በሚለው መስመር ጫፍ ላይ «ፈርምዌር=ኔቨር» ብለን መጻፍ አለብን። ኔቨር፣ ማለትም በጭራሽ። ላፕቶፑ ተበላሽቶ አይደለም ድዳ የሆነው። እኛ በእጃችን ጽፈን ነው የዘጋነው፣ በእናንተ ትእዛዝ።

ክቡር ኃላፊ፣ የእርስዎ ላፕቶፕ ዋይፋይ በምን ይሠራል?

ሞዴሉ ያው ነው። ካርዱ የኢንቴል ነው። የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ «አይደብልዩኤልዋይፋይ» በሚባለው ድራይቨር ይነዳል፣ ድራይቨሩ ነፃ ነው፤ ፈርምዌሩ ግን ዝግ ነው፣ ነፃ ምትክም የለውም። ፋይሉ ካልተጫነ ካርዱ አንድም ኔትወርክ አያይም። እናም የእርስዎ፣ የምክትልዎና የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ማሽኖች ዋይፋይ ይሠራል፤ ምክንያቱም እኛው ነን የጫንነው፣ «ኔቨር» የምትለዋን ቃል ሳንጽፍ፣ በቃል ትእዛዝ። «ለሥራ ያስፈልጋል» ተባለ። እውነት ነው፣ ያስፈልጋል። ለአንድ ዓይነ ሥውር ሠራተኛ ድምፅ ለሥራ አያስፈልግም ያለው ማን ነው? ሶርሱ ዝግ የሆነው ፋይል ለኃላፊ በቃል ይፈቀዳል፣ ሶርሱ ክፍት የሆነው ፋይል ለእሱ በጽሑፍ ይከለከላል። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብንጨርሰውም ይበቃ ነበር።

ከመምሪያው በቃል የመጣልን መፍትሔም አለ፦ «የዩኤስቢ ድምፅ አስማሚ ግዙለት።» እውነቱን ለመናገር ይሠራል፤ ከርነሉ ምንም ፋይል ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ለምን አይጠይቅም ግን? ፈርምዌሩ እዚያው አስማሚው ውስጥ ተቀርጾ ስለሚመጣ ነው፤ ዝግ ነው፣ ማን እንደ ጻፈውም አይታወቅም፣ ስህተት ቢገኝበት የሚያርመው የለም። ሶርሱን ልናነበው የምንችለውን ፋይል ከልክላችሁ ሶርሱን ማንም ያላየውን ታስገቡልናላችሁ። የኤስኤስዲው መቆጣጠሪያ የራሱ ፈርምዌር አለው፣ ኪቦርዱንና ባትሪውን የሚያስተዳድረው ቺፕም አለው፣ ዩኢኤፍአዩ ራሱ ትልቅ ዝግ ፕሮግራም ነው። መመሪያው አንዱንም አይነካም። ዲስክ ላይ በስሙ የሚታየውን ብቻ ያሳድዳል።

የነፃ ሶፍትዌር ተሟጋቹን ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ጠቅሳችሁ ትከራከራላችሁ። እነሱ ቢያንስ የሚሉትን በግዥ ይኖሩታል፤ ዝግ ፈርምዌር የማይጠይቅ ሃርድዌር እየመረጡ ነው የሚገዙት፣ ለምሳሌ ፈርምዌሩ ነፃ የሆነውን የኤአር9271 ዋይፋይ አስማሚ። ዋጋውንም ያውቁታል፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ እስከ 150 ሜጋቢት። እናንተ ገበያው ላይ ያለውን አዲስ ላፕቶፕ ሳትመርጡ ትገዙና ነፃነቱን ከቴክኒሻን ትጠብቃላችሁ።

ማይክሮኮድንም ሳንጠቅስ አናልፍም፤ እዚህ ላይ መመሪያው አደገኛ ነው። የፕሮሰሰር ማይክሮኮድ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከውስጥ የሚመራው ኮድ፣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀርጾ ነው የሚመጣው። የማሻሻያውን ጥቅል መከልከል ዝግ ኮድን ከማሽኑ አያስወጣም፤ አሮጌውንና ቀዳዳው የታወቀውን ዝግ ኮድ ያቆያል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ዳውንፎል የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ክፍተት ይፋ ሆነ፤ ከ6ኛ እስከ 11ኛ ትውልድ ያሉትን ይነካል፣ ማስተካከያውም በማይክሮኮድ ነው የመጣው። በመሥሪያ ቤቱ ካሉት የ11ኛ ትውልድ ማሽኖች በአንዱ ላይ ከርነሉ የክፍተቶቹን ሁኔታ የሚጽፍበትን ማህደር ብትከፍቱ፣ «ጋዘር ዴታ ሳምፕሊንግ» በሚለው ፋይል ውስጥ «ተጋላጭ፦ ማይክሮኮድ የለም» የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። የሚያስቀው ደግሞ ያንኑ ማይክሮኮድ የባዮስ ማሻሻያ ይዞት ቢመጣ መመሪያው ዝም ይላል፤ ዲስክ ላይ አይታይማ።

የቃል ፈቃድ ሌላም ጣጣ አለው። በዴቢያን 11 ጊዜ በቃል የተፈቀዱት ማሽኖች የጥቅል ምንጫቸው መስመር ላይ (ጥቅሎች ከየትኛው የዴቢያን ክፍል እንደሚወርዱ በሚነገርበት) የተጻፈው «ኖን-ፍሪ» ነው። ወደ 12 ሲያድጉ ፈርምዌሩ ወደ አዲሱ ክፍል ተዛወረ። መስመሩ ካልተቀየረ የተጫነው ፈርምዌር ባለበት ይሠራል፣ ማሻሻያ ግን አይመጣለትም። ጥቅሎችን የሚያወርደው «አፕት» አንዲት የማስታወሻ መስመር ጽፎ ያልፋል፣ ማንም አያነባትም። የትኞቹ ማሽኖች እንደሆኑ መዝገብ የለንም፤ በቃል የተሰጠ ነገር በየት ይመዘገባል? የእርስዎም ማሽን ከነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «ኔቨር» የምትለዋ ቃል ከመጫን ሥርዓቱ ትውጣ። በየማሽኑ የምንጭ መስመር ላይ ከ«ሜይን» (ከዋናው ነፃ ክፍል) ቀጥሎ «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» ብቻ ይግባ፤ «ኖን-ፍሪ» እና «ኮንትሪብ» አያስፈልጉም፣ እንዳይገቡ እንፈልጋለን። የዴቢያንን ጥቅሎች ቀድቶ ለማሽኖቻችን የሚያድለው የውስጥ መስተዋት ሰርቨርም ይህን ክፍል ይቅዳ፤ አሁን «ሜይን»ን ብቻ ስለሚቀዳ መስመሩን ብናስገባ እንኳ «አፕት» እንዲህ ያለ ክፍል የለም ብሎ ይዘልለዋል። ቁጥጥር ከፈለጋችሁ መጫኛው ራሱ የጫነውን ፈርምዌር ከመዝገቦቹ ጎን «ፈርምዌር ሰመሪ» በሚል ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል፤ በኋላ የገባውን ደግሞ ነፃ ያልሆኑ ጥቅሎችን የሚለቅመው «ቼክ ዲኤፍኤስጂ ስታተስ» የተባለ ፕሮግራም ይዘረዝረዋል። ሁለቱን በየወሩ እንልክላችኋለን። ነፃነቱን የምር ከፈለጋችሁት ደግሞ በግዥ ጨረታው ሰነድ ላይ ጻፉት፤ ዕቃው ከተገዛ በኋላ እኛ ኪቦርድ ላይ የምንሠራው ተአምር የለም።

ለባልደረባችን ላፕቶፕ ጥቅሉ በፍላሽ ተዘጋጅቷል። መጫን፣ አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ የፈርምዌሩ ቁጥር መውጣቱን ማየት፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ቺፑ የሚፈልገው ፊርማ ፋይሉ ላይ አለ። የጎደለው የእርስዎ ነው፣ በጽሑፍ።

ከሰላምታ ጋር፣
ኮምፒውተሮቹን የምንጭን ቴክኒሻኖች

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር
ለግዥ ክፍል
ለባልደረባችን (በድምፅ ተቀድቶ፣ በስልኩ)