የአማተር ሬዲዮ ክበብ፦ መብራት ሲጠፋ የሚደሰቱት ልጆች

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን ግቢ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ክበብ የእኛ ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መስከረም ላይ 14 ሆነን ጀመርን፤ ኅዳር ላይ 9 ቀረን። የሄዱት ወደ ሚኒ ሚዲያ ነው። አልፈርድባቸውም፣ እዚያ ማይክ አለ። እኛ ጋ የሚናገር የለም። አማተሮች ማለት ያለ ደመወዝ፣ ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ ከዓለም ጋር የሚያወሩ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለው የክበብ ጣቢያ መጠሪያው «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ነው። ለመላክ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ ስለሌለን ጆሮ ብቻ ሆንን።

የመረጥነው 14 ሜጋኸርዝ አካባቢን ነው፤ ቀን ላይ ስለሚሰማ፣ ተማሪ ደግሞ ስለማያመሽ። እዚያ የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው አንቴና የዚህን ግማሽ፣ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል። ከላብራቶሪው እስከ ጽዱ ዘረጋነው። በሦስተኛው ቀን የመረብ ኳስ ልጆች በጠሱት። እኛም ወደ ማግኔቲክ ሉፕ ዞርን።

ሉፕ ክብ ሽቦ ነው። የእኛው ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ነው፤ በበር ይገባል። በዋናነት የሞገዱን ማግኔታዊ ጎን ይይዛል። በክቡ ሁለት ጫፎች መካከል ተለዋዋጭ ኮንደንሰር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ መጠኑ በማዞር የሚቀየር ዕቃ፣ ይገባል፤ እሱን እያዞሩ ክቡን ከሚፈልጉት ፍሪኩዌንሲ ጋር ማስማማት ነው። ልጆቹ የሚያስፈልገውን የኮንደንሰር መጠን በፊዚክስ ቀመር አስልተው 40 ፒኮፋራድ ገደማ አገኙ። ያ ቀመር ለፈተና ካልሆነ ለሌላ ነገር ሲውል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የመዳብ ቱቦ ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን። አንድ ተማሪ ከቤቱ ያረጀ የዲሽ ገመድ አመጣ፤ የውጭውን የሽቦ መረብ ልንጠቀም። መበየጃውን አግለን ብንሞክር የሚቀልጠው የመበየጃ ሽቦ አልይዝ አለ። መረቡ ለካ አልሙኒየም ነው! በሞርሴቶ፣ በብሎን በሚጠብቀው የሽቦ ማያያዣ፣ አጥብቀን አሰርነው። ኮንደንሰሯን ያገኘነው አራዳ አካባቢ ሬዲዮ ከሚጠግኑ አንድ አባት ነው። «ጋሼ፣ ስንት ልክፈል?» ብላቸው፣ «ውሰዷት መምህር፣ እዚህ አቧራ ከምትጠጣ» አሉኝ። በትልቁ ክብ ውስጥ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ክብ ሰቀልን። ወደ ሬዲዮው የሚሄደው ገመድ ከእሷ ይነሳል፤ ከትልቁ ጋር አትነካካም።

ላብራቶሪ ውስጥ ከፍተን የሰማነው ጩኸት ብቻ ነበር። እኔ ጥፋቱን በኮንደንሰሯ ላይ ደፍድፌ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አስፈታኋቸው፣ አስገጠምኳቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ይሠራል። ጩኸቱ በአንዴ እልም አለና ከሥሩ የሰው ድምፅ ወጣ። ማንም አልተነፈሰም። ሲረብሹን የከረሙት ጣሪያው ላይ ያሉት ኤልኢዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮቻችን ነበሩ። ኮንደንሰሯን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ልጆቹንም።

ከዚያ ወዲያ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ወጥተን ሜዳ ላይ መሥራት ጀመርን። ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሲነሳ እንደገና ጩኸት። ሆኖም ሉፕ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ፊቱን ወደ ረባሹ ስታዞረው ያንን አይሰማም። ትንሽ ዘወር አደረግነው፣ ወፍጮው ከሰመ።

ያስቸገረን ሌላው ነገር እጅ ነው። ሉፕ የሚስማማበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ጣቢያ አግኝተህ እጅህን ከኮንደንሰሩ ስታነሳ ይጠፋል፤ ሰውነትህ ራሱ እንደ ኮንደንሰር ይቆጠራላ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ በኮንደንሰሯ ዘንግ ላይ ሰክታ ከሩቅ ማዞር ጀመረች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው በመጣሁት እውቀት አላሰብኩትም።

የጥምቀት ሰሞን ክበቡ ተዘግቶ ከረመ። የካቲት ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሰው «ቺንኴ፣ ኖቬ» ሲል ሰማን። ፒያሳ ጋራዥ የሚውል አጎት ያለው ልጅ «አምስት፣ ዘጠኝ! ጣሊያንኛ ነው!» ብሎ ዘለለ። 5 የጥራት፣ 9 የጥንካሬ ነጥብ ነው፤ ጥሩ እየተሰማህ ነው ማለት። ለእኛ አይደለም የተነገረው፤ ቢሆንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው።

አንዳንድ ወላጅ ክቡን አይቶ «ልጄ እቤት እንዲህ ያለ ልትሠራ ነው» ይለኛል። ለመስማት ይሥሩ። ግን ማሰራጫ እንዳይቀጥሉበት አደራ፤ ፈቃዱ አንድ ነገር ሆኖ፣ በ10 ዋት እንኳ ኮንደንሰሩ ላይ ከ1,000 ቮልት በላይ ሊመጣ ይችላል።

ክቡ አሁን ላብራቶሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኮንደንሰሯ ክረምቱን እንዳትዝግ በፌስታል ተጠቅልላ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ከነእስክሪብቶ ቀፎዋ።