ማንንም አታስቸግርም (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እሑድ በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። «ማሚ፣ መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ፤ ግን ኤ ኤ ስብሰባ ሄጄ የማላውቃቸው ሰዎች መሀል ገብቼ ማንንም ማስቸገር አልፈልግም» አልከኝ። ማቆም እፈልጋለሁ ማለትህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በማስቸገሩ ነገር ግን አልስማማም።

ከሁሉ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ጠዋት እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ትንሽ ካልቀመስክ እንደማይተውህ ነግረኸኛል። እንግዲያው በራስህ ድንገት እንዳታቆም። ሰውነት መጠጥ ከለመደ በኋላ በአንዴ ሲቀርበት ያቃዣል፣ እንደሚጥል በሽታም ያንፈራግጣል። ሰው ይሞትበታል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። ምን ያህል እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገረው። በመድኃኒት እየተረዱ በሰላም ማቆም ይቻላል። እስከዚያ ድረስ የሌለ ነገር ማየት ከጀመርክ ወይም ራስህን ከሳትክ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ወዲያው 911 ይደውል። ይህን ለቤት ተጋሪህ ዛሬውኑ ንገረው።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። ኤ ኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ) የሚባለው፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚረዳዱበት ማኅበር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል ዊልሰን የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበር የሆነው። ለሥራ አክረን ሄዶ ሥራው ተበላሸበትና ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። ባሩ እዚያው ነበር። እሱ ግን ስልክ አንስቶ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ማፈላለግ ጀመረ። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ። ዶክተር ቦብ ቀዶ ሐኪም ነው። መጠጥ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን ማቆም አቅቶታል። ሩብ ሰዓት ብቻ ልቀመጥ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ሲያወሩ አመሹ።

ልብ በልልኝ፤ ቢል ስልኩን ያነሳው ራሱ እንዳይጠጣ ብሎ ነው። ሌላውን ሲያነጋግር እሱ ይጠነክራል። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ ነው። አንተ አዲስ ሆነህ በሩን ስትገፋ፣ ሃያ ዓመት ያልጠጣው ሽማግሌ ከየት እንደመጣ የሚያስታውሰው አንተን አይቶ ነው። እሱ አንተን ይፈልግሃል። ታዲያ ማንን ነው የምታስቸግረው?

ስብሰባ ማግኘት ከባድ አይደለም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የማኅበሩ ነፃ አፕ አለ። ያለህበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት አይቶ ቅርብህ ያለውን ያሳይሃል። «ክፍት» የሚል ካየህ ማንም ይገባል። «ዝግ» የሚለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ትፈልጋለህ፣ ስለዚህ ሁለቱም ያንተ ናቸው። ሌላ መስፈርት የለም። መመዝገቢያ የለም፣ ክፍያ የለም። የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር አዲስ ሰው ዝም ቢል ማንም አያየውም። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቡናም አይጠፋም። ተናገር ቢሉህ «ዛሬ ልስማ» ማለት ይበቃል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥም መምጣት ነው፤ እንደዚያ ቁጠረው።

የመጀመሪያው ባይጥምህ ሌላ ሞክር። አንዱ ጋ ሽማግሌ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንተ እኩዮች። ስትወጣ ስልክ ቁጥር ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ተቀበል፣ ደውልም። ቆየት ብለህ ስፖንሰር ትይዛለህ፤ መንገዱን ቀድሞህ የሄደ ሰው ማለት ነው። ጠጥተህ ብትመለስ እንኳ የሚያባርርህ የለም። ሐኪሙ ያዘዘልህን መድኃኒት ተው የሚልህ ቢኖር ግን አትስማው። እሱ ሐኪም አይደለም።

«ሐበሻ ቢያየኝስ?» ትለኝ ይሆናል። እዚያ የሚያይህ ሐበሻ እሱም ስለ ራሱ ነው የመጣው። ስምህን ብቻ ነው የምትናገረው፤ የአባት ስም አይጠየቅም። የሰሙትንም ውጭ አያወሩም። ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስለሚሰበሰቡ ሃይማኖት የሚያስቀይሩህ እንዳይመስልህ። አዎ፣ ስለ ፈጣሪ ያነሳሉ፤ ግን እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው። ጠበልህንና ንስሐ አባትህን ተው ያለህ የለም፤ እኔም አልልም። ይህ መንገድ ጨርሶ ካልተስማማህ ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ የመረዳጃ ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ስለ ሃይማኖት አያነሳም።

የሚያጽናናኝን አንድ ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 27 ጥናቶች ተመዝነው ነበር። ወደ ኤ ኤ የሚመራ ሕክምና ያገኙ ሰዎች፣ ሌላ የንግግር ሕክምና ካገኙት ይልቅ ጨርሶ ሳይጠጡ የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ላንተ ግን መሞከር የሚገባው ነው።

እኔም ማክሰኞ ማታ የራሴ ስብሰባ አለኝ። አል-አኖን ይባላል፤ ለጠጪ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመ ነው። ልጅ አላቸው፣ ባል አላቸው፣ እህት አላቸው፤ የሆዴን ሳልናገር ይገባቸዋል። ስለዚህ ከማላውቀው ነገር ተነስቼ አልመክርህም።

ሐኪሙን አይተህ ስትጨርስ የመጀመሪያውን ቀን ቁረጥና ንገረኝ። ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ መውረድ ቢያቅትህ ደውልልኝ። ሰዓቱ እዚህ ቢመሽም አነሳለሁ፤ በሩን እስክትገባ አብሬህ አወራለሁ።

እናትህ