ለልጄ፦ የወረቀቶችሽ ቃል አንድ ይሁን

ሆዴ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት ማታ አጎትሽ ደውሎ ነበር። ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የምትልኪያቸውን ወረቀቶች አይቶ ደንግጧል። ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሌላ ነው አሉ። ፎርሙ ላይ ደግሞ የልደት ቀንሽን 11/5/1999 ብለሻል። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አንቺ የተወለድሽው በጥምቀት፣ ጥር 11 ነው። ታቦታቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ እልልታው ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ እኔ ምጥ ላይ ነበርኩ። ያን ቀን እንዴት ታበላሺዋለሽ? ጥር ለእኛ አምስተኛ ወር ነው። እነሱ ግን ሜይ 11 ቀን 1999 ብለው ያነቡታል። ከሰባት ዓመት በላይ አስረጁሽ ማለት ነው! ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ጃንዋሪ 19 ቀን 2007 ነው። እሱን ብቻ ጻፊ። የወረቀቶችሽ ቃል አንድ ይሁን።

የእኔን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሙሉውን ግን ነግሬሽ አላውቅም። መምህራን ኮሌጅ ልመዘገብ ስሄድ የአያትሽ ስም ውጤቴ ላይ ገብሬ፣ የቀበሌው ወረቀት ላይ ገብረ ማርያም ነበር። መዝጋቢው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «የትኛዋ ነሽ?» አለኝ። አባቴ ያኔ አርማጭሆ ነበር። እሱን አስመጥቼ እስክመለስ ምዝገባው አለቀ። ለከርሞ እሞክራለሁ አልኩ። አልሞከርኩም። ሲንጀሩ ላይ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳሁም። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ሁለቱን ወረቀት ባስተያይ ኖሮ እላለሁ፣ መርፌ ክር ሳስገባ ሁሉ።

ለዩኒቨርሲቲው በጻፍሽው ድርሰት ላይ የትምህርት ቤትሽን ክበብ ሁለት ዓመት መራሁ ብለሻል። መምህርሽ የድጋፍ ደብዳቤው ላይ አንድ ዓመት ብሏል። እውነቱ የቱ ነው? አንድ ከሆነ አንድ ብለሽ ጻፊ፤ አንዱም ያኮራል። እሱ ተሳስቶ ከሆነ በአክብሮት ንገሪው፣ ራሱ ያርመው። እኔ ጉብዝናሽን አውቃለሁ የኔ ዓለም። እዚያ ያሉት የሚያውቁት ግን ወረቀትሽን ነው። ቃሉ አንድ ይሁን!

ስምሽን ሁሉም ቦታ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ያዢ። ለትራንስክሪፕቱ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤትሽ እሄዳለሁ። ማስተካከል ካልቻሉ ሁለቱም ስም ያንቺ መሆኑን በማኅተም ይጻፉልኝ።

በርበሬውን ቅዳሜ በአውቶቡስ እልካለሁ። የልደት ሰርተፍኬትሽን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪና ማታ ደውይልኝ። ሳትደውይ አልተኛም።

እናትሽ፣ ከጎንደር