ለእንድሪስ፦ ከባሕሩ እስከ ኖዝሉ አፍ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጥር 12

ውድ ወንድሜ እንድሪስ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ በመቅረቴ አፍሬያለሁ። ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚደረስ ነውና መንገዱን ሰበብ አላደርግም። ይቅር በለኝና እንለፈው።

የእህትህ ልጅ እዚህ ሲመጣ፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ ባለ የነዳጅ ፕላትፎርም (ባሕር ላይ የቆመ ነዳጅ ማውጫ መድረክ) በእሳት መከላከል ሥራ እንዳገኘህና ወሩ ሲያልቅ እንደምትሄድ ነገረኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሐሳብም ገብቶኛል። የፋብሪካውን የእሳት ፓምፕ በድምፁ የምታውቅ ሰው ነህ፤ ሙያው አይከብድህም። የሚለየው ቦታው ነው። ኮምቦልቻ እሳት ቢነሳ የከተማው እሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ድረስ ነው የምትታገለው፤ ሠራተኛውም በር ከፍቶ ሜዳ ላይ ይወጣል። ባሕር ላይ የሚደርስልህ መኪና የለም፤ ከበሩ ውጭም ያለው ባሕር ነው። ውሃ ግን ከእግርህ በታች 25 እና 30 ሜትር ወርዶ እስከ አድማስ ሞልቷል። ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው፤ በባሕር ተከቦ እያለ እሳቱ ላይ አንድ ጠብታ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፓይፐር አልፋ የሚባለው ፕላትፎርም በሰሜን ባሕር ከስኮትላንድ ማዶ የነበረ ሲሆን የተቃጠለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988፣ በእኛ ሰኔ 29 ቀን 1980 ነው። 167 ሰው ሞተ፤ 61 ብቻ ተረፉ። መነሻው አንድ ፓምፕ ነበር። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ለጥገና ተነስቶ ቦታው በክዳን ብረት ተዘግቷል፤ ክዳኑ ግን ግፊት እንዲችል ሆኖ አልጠበቀም። የማታው ፈረቃ ሌላው ፓምፕ ሲቆምበት ቫልቭ መነሳቱን ሳያውቅ ይህን አስነሳ፤ ጋዙ ወጥቶ ፈነዳ። ይህን ሁሉ የማነሳልህ ቀጥሎ ስለሆነው ነው። በዚያ ሰሞን ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ይሠሩ ስለነበር፣ የፓምፑ ሳቢ አፍ እንዳይጎትታቸው ተብሎ የዲዝል እሳት ፓምፖቹ ከአውቶማቲክ ወደ እጅ ተዛውረው ነበር። ከፍንዳታው በኋላ በእጅ ለማስነሳት ቢሞከርም በእሳትና በጭስ መካከል አልፎ የሚደርስ ሰው አልተገኘም። ቢነሱም እንኳ ኖዝል ከሚባሉት የውሃ መርጫ አፎች ብዙዎቹ በቧንቧ ዝገት እንደተደፈኑ ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። ዳኛው ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1990፣ 106 ምክረ ሐሳቦች ይዞ ወጣ፤ ዛሬ ፕላትፎርም ላይ የምታገኛቸው ብዙ ደንቦች ከዚያ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ስትደርስ የዕቃውን ዝርዝር ይዘህ አትቁጠር። ከባሕሩ ተነስተህ ውሃውን እስከ ኖዝሉ አፍ ተከተለው።

ፓምፑ እንደለመድከው መሬት ላይ ተቀምጦ ከገንዳ የሚስብ አይደለም። ውሃን ከላይ ሆነህ በመሳብ ልታወጣ የምትችለው የአየር ግፊት የፈቀደልህን ያህል ነው፤ በባሕር ወለል በሒሳብ 10.3 ሜትር፣ በተግባር 6 ወይም 7። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በሒሳቡም 8 ሜትር ብቻ ነው የሚኖራት። 30 ሜትር በመሳብ አይወጣም። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ሆኖ ረጅም ሻፍት ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃውን የሚገፋው ክፍል ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ይሠራል፤ ሁሉም ካይሰን በሚሉት ሰፊ የብረት ቧንቧ ተከልሏል። በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ይበላሃል። 30 ሜትር ለመውጣት ብቻ 3 ባር ሄደ ማለት ነው፤ የኖዝሉ ግፊት ከዚያ በላይ የሚቆጠር ነው። ፓምፑ ቆሞ ሳለ በላይኛው ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር ነው። ሲነሳ ያ አየር በማስተንፈሻ ቫልቭ ካልወጣ ውሃው እየተወነጨፈ ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ መጋጠሚያ ይሰነጥቃል። ማስተንፈሻዋ ትንሽ ናት፤ በጨው ተጣብቃ የምትቀረውም እሷ ናት።

መጠኑን በምሳሌ ልንገርህ። 300 ካሬ ሜትር የሆነ የማምረቻ ክፍል አለ እንበል። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚያዘው በካሬ ሜትር በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ 3,000 ሊትር በደቂቃ፣ 180 ሜትር ኩብ በሰዓት። አጎራባቹን ክፍል፣ የእጅ ጎማዎቹንና ፎሙን (እሳት የሚያፍነውን አረፋ) ስትደምር 600 ሜትር ኩብ በሰዓት በ12 ባር ቢያስፈልግ፣ ውሃው ብቻ 200 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የፓምፑን ብክነት ስትጨምር 270 ገደማ። ናፍጣው በአሜሪካኖቹ ደንብ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት 5 ሊትር ገደማ ስለሚታሰብ ለዚህ ሞተር ወደ 1,370 ሊትር የሚይዝ የራሱ ታንከር ይኖረዋል። ሁለተኛ ፓምፕም ግድ ነው፤ አንዱ ሲጠገን ሌላው ብቻውን ሙሉውን ይችላል። ሁለቱ ተቀራርበው ከተቀመጡ ግን አንድ ፍንዳታ ሁለቱንም ይወስዳልና የት እንደተቀመጡም እይ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ለፋብሪካው ልጆች ሳትነግራቸው አትሂድ፦ ዲዝል ሞተር ከ91 ሜትር ከፍታ በላይ በየ305 ሜትሩ 3 በመቶ ኃይሉን እንደሚያጣ ተደርጎ ይሰላል። የመረጃ ሰሌዳው ላይ 300 ኪሎዋት የተጻፈበት ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 250 ገደማ ነው፤ እኛ ጋ ደሴ ቢመጣ 230። የባሕር ዳርቻ ኃይሉ ታይቶ የተገዛ ፓምፕ እሳት ሲመጣ ነው የሚጎድለው። አንተ በምትሄድበት ከፍታው አይበላህም፤ ሙቀቱ ግን ከ25 ዲግሪ በላይ በየ5.6 ዲግሪው 1 በመቶ ይቀንሳል።

አሁን ለአንተ የሚከብድህን ልናገር፤ ልማድህን ስለማውቅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ዘይት ሲቀንስ ወይም ሙቀት ሲጨምር ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፤ አንተም ይህን ትወዳለህ። የእሳት ፓምፕ ግን በእሳት ጥሪ ከተነሳ ዘይቱ ቢያልቅም፣ ቢግልም አይጠፋም። እስኪሞት ድረስ ይሠራል። ማንቂያው ይጮሃል እንጂ አያቆመውም። በራሱ የሚያቆመው ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ነው፤ ከተለመደው ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲበልጥ። ይህም ምክንያት አለው፤ አየሩ ውስጥ ጋዝ ከገባ ዲዝል ሞተር ናፍጣው ቢዘጋበትም ጋዙን እየተነፈሰ ይፈተለካል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የባሕር ላይ መቆፈሪያ 11 ሰው ሲሞትበት ጄኔሬተሮቹ እንዲህ ጋዝ ስበው ነው የፈጠኑት። ስለዚህ በአየር መግቢያው ላይ ያለው መዝጊያ ሲታዘዝ በእርግጥ መዝጋቱን በዓይንህ አረጋግጥ፤ ማጠፊያው ላይ ቀለም ተቀብቶበት የማይንቀሳቀስ ይገኛል።

ሞተሪኖውን የሚያዞሩ ሁለት ባትሪዎች አሉ። ስርዓቱ 15 ሰከንድ ያዞራል፣ 15 ሰከንድ ያርፋል፣ ባትሪ እያቀያየረ እስከ ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ እንቢ ካለው ማንቂያ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ሁሌ በአንደኛው ባትሪ ብቻ መፈተን ነው፤ ሁለተኛው ሞቶ ዓመት ይቆያል። እየቀያየርክ አስነሳ። በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ይሠራ፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፑ ራሱ ከሚያወጣው ውሃ የሚቀነስ ነውና ያቺን ትንሽ ወንፊት ክፈታት፣ ቀንድ አውጣና ዛጎል ይሞላባታል። የናፍጣውን ታንከር ሥር አፍስስ፤ እርጥበቱ ውሃ ያጠራቅምበታል።

የሳምንቱ ሙከራ ሞተሩ መነሳቱን ይነግርሃል እንጂ ውሃ መስጠቱን አይነግርህም። ለዚያ በዓመት አንዴ በፍሰት መለኪያ ይፈተናል። ውሃ ሳይወጣ ግፊቱ ከተመደበው 140 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ፍሰቱ 150 በመቶ ሲደርስ ግፊቱ ከ65 በመቶ እንዳይወርድ ነው። ነጥቦቹን ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጣቸው። መስመሩ ከወረደ የፓምፑ ክፍል በአሸዋና በጨው ተበልቷል።

ከፓምፑ የወጣው ውሃ ፕላትፎርሙን በሚዞር ዋና ቧንቧ ይሄዳል። ዙሪያውን የሆነው አንድ ቦታ ቢቆረጥ በሌላው ጎን እንዲመጣ ነው፤ ቧንቧውን በየክፍሉ የሚለዩት ቫልቮች ከተዘጉ ግን ዙሪያነቱ የወረቀት ነው። አንድ በአንድ ሄደህ ክፍት መሆናቸውን እይ። ቧንቧው ከምን እንደተሠራም ጠይቅ። ጨዋማ ውሃን የሚችለው የመዳብና ኒኬል ቅልቅል፣ ቲታኒየም ወይም የፋይበር ቧንቧ ነው። ተራ ብረት ከሆነ ውስጡ በቅርፊት ይሞላል፤ ቅርፊቱም የሚረግፈው ውሃው በኃይል ሲመጣ፣ ማለት በእሳቱ ቀን ነው።

ዴሉጅ የሚሉት ኖዝሎቹ ሁሉ አፋቸው ክፍት የሆነ ስርዓት ነው። ቫልቩ ሲከፈት ሁሉም አንድ ላይ ይረጫሉ። ከቫልቩ በኋላ ያለው ቧንቧ በሰላም ጊዜ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆኖ እርጥብ፣ እርጥብ ሆኖ ጨዋማ። ከእያንዳንዱ የባሕር ውሃ ሙከራ በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥበህ፣ ዝቅተኛ ነጥቦቹን ከፍተህ አድርቀው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ጨው በኖዝሉ ቀዳዳ ላይ ይጋገራል። ሲፈተን ደግሞ «ቫልቩ ተከፈተ» ብሎ መፈረም አይበቃም። ክፍሉ ውስጥ ቁም፤ ካርታውን ይዘህ እያንዳንዱን ኖዝል ቁጠር፤ የማይረጨውን፣ አቅጣጫው የዞረውን፣ አዲስ የተገጠመ ቧንቧ ወይም መወጣጫ የከለለውን ምልክት አድርግ። በሩቁ ጫፍ ያለው ኖዝል ላይ ግፊቱን ለካ። ቫልቩ እስኪከፈትና ውሃው እዚያ እስኪደርስም በሰዓት ያዝ። ዴሉጁ እሳቱን የሚያጠፋ አይምሰልህ፤ ሥራው ብረቱን ማቀዝቀዝ ነው። የቤት እሳት በ60 ደቂቃ የሚደርስበትን 945 ዲግሪ ገደማ የነዳጅ እሳት በ5 ደቂቃ ይደርስበታል ተብሎ ነው ግድግዳው የሚፈተነው፤ ብረት ደግሞ 550 እና 600 ዲግሪ ላይ ግማሽ ጉልበቱን አጥቷል።

በግፊት የሚወጣን የጋዝ ነበልባል ለማጥፋት አትጣደፍ፤ ይህን አደራ እልሃለሁ። ምንጩ ሳይዘጋ እሳቱን ብታጠፋው ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፤ ተጠራቅሞ ሲቀጣጠል ይፈነዳል። አስቀድሞ የአደጋ መዝጊያ ቫልቮች ይዘጋሉ፣ ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ ማቃጠያው ማማ ይለቀቃል፤ የተለመደው ግብ በ15 ደቂቃ ግፊቱን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነው። እስከዚያ ዙሪያውን አቀዝቅዝ።

ፎም የተደፋ ፈሳሽ ነዳጅ ላይ ነው የሚጠቅም። 200 ካሬ ሜትር በፎም መርጫ መድፍ ስትሸፍን በካሬ ሜትር 6.5 ሊትር በደቂቃ ያዝ፤ 1,300 ሊትር በደቂቃ ነው። ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ፎም 3 በመቶ ከሆነ በደቂቃ 39 ሊትር ይሄዳል፤ ለ20 ደቂቃ 780 ሊትር ያስፈልግሃል። ማደባለቂያው ከ3 ይልቅ 6 በመቶ ቢጎትት በ10 ደቂቃ ባዶ ትሆናለህ፤ 1 በመቶ ከጎተተ ደግሞ የምትረጨው አረፋ አይቆይም። የሁለት አምራቾች ፎም በአንድ ታንክ አታደባልቅ። አሁን በየቦታው ፍሎሪን ያለበትን አሮጌ ፎም በአዲሱ እየለወጡ ነው፤ አዲሱ ብዙ ጊዜ ወፈር ስለሚል አሮጌው ማደባለቂያ ልኩን አይስብለትም። ማደባለቂያውን ትተው የታንኩን ፎም ብቻ ለውጠው ከሆነ ጠይቅ።

ጭስ ውስጥ ስትገባ የምታዝለው የአየር ሲሊንደር 6 ሊትር በ300 ባር ነው፤ 1,800 ሊትር አየር። በደቂቃ 40 ሊትር ብትተነፍስ 45 ደቂቃ ይላል ወረቀቱ። ጎማ እየጎተትክ ደረጃ ስትወጣ 60 ትተነፍሳለህ፤ 30 ደቂቃ ነው። አየሩ ማለቁን የሚያስጠነቅቀው ፊሽካ 55 ባር ገደማ ላይ ሲጮህ የቀረህ 330 ሊትር ነው፤ በዚያ ትንፋሽ ለመውጫ 5 ደቂቃ ተኩል። የገባህበትን መንገድ ርዝመት በዚህ ለካ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቀቅበት የሞተር ክፍል ደግሞ ሰው ካለ ይገድላል፤ እሳት ለማጥፋት ቢያንስ 34 በመቶ ይሞላል፤ ሰው በ10 በመቶ ራሱን ይስታል። ውስጥ ስትሠራ የጋዙን መልቀቂያ አስቆልፈህ ግባ።

ከደረስክ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ፓምፖቹ አውቶማቲክ ላይ ናቸው ወይስ በእጅ፣ ጠላቂ ባሕር ሲገባስ ማን ይቀይራቸዋል፣ ማንስ ይመልሳቸዋል? ዴሉጁ በውሃ የተፈተነው መቼ ነው? ስንት ኖዝል አልረጨም? የፈተናውን ወረቀት ፎቶ ብትልክልኝ አብረን እናነበዋለን።

ሐሙስ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እማማ ቡና ያፍሉልን፤ የባትሪ መለኪያህን ይዤልህ እመጣለሁ፣ እኔ ጋ ከቀረ ቆይቷልና።

ወንድምህ፣
ይማም