ከእንጦጦ ማዶ የሚያይ ራዳር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር

ይድረስ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

አራት ኪሎ ቆሜ ወደ ሰሜን ቀና ስል እንጦጦ ይጋርደኛል። ከተማው መሀል የሚተከል ራዳርም ከእኔ አይሻልም፤ ከተራራው ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚበር ነገር ይሰወርበታል። ራዳርን አውሮፕላን ላይ መስቀል ያስፈለገው ለዚህ ነው። በ9,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ምድሩ ሜዳ ከሆነ፣ አድማሱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

የቀድሞው ዘዴ አንቴናውን ማሽከርከር ነበር። ኢ-3 የተባለው የአሜሪካ የራዳር አውሮፕላን በጀርባው የተሸከመው ጉልላት አንድ ዙር ለመጨረስ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በዚህ ጊዜ ውስጥ 2.5 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኤሪአይ የተባለው የስዊድን የአውሮፕላን ራዳር ግን አይሽከረከርም። ሣንቃ በሚመስለው አንቴናው ውስጥ 192 ሞጁሎች፣ ማለትም ሞገድ የሚልኩና የሚቀበሉ ትናንሽ ክፍሎች፣ ተደርድረዋል፤ የሚዞረው ጨረሩ ብቻ ነው።

መስቀል አደባባይ በአንድ ረድፍ የቆሙ ሰልፈኞችን አስቡ። ሁሉም እኩል ከተነሱ የረድፉ ግንባር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የግራው ቀድሞ፣ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ትንሽ ዘግይቶ ቢነሳ ግን ግንባሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከየሞጁሉ የሚወጣው ሞገድም እንዲሁ ነው። መዘግየቱን ኮምፒውተር ስለሚወስነው ጨረሩ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ከአንዱ ዒላማ ወደ ሌላው ይዘላል። ጥቂት ሞጁሎች ቢበላሹ እንኳ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚሽከረከረው አንቴና ሞተሩ ከቆመበት ግን ችግሩ ሌላ ነው።

እንከንም አለው። ኤሪአይ ግራና ቀኙን አጥርቶ ሲያይ ፊትና ኋላው ላይ ይደክማል። ሻጭ ይህን በመጀመሪያው ገጽ አይጽፈውም። ጠይቆ የሚያስተፋ መሐንዲስ ያስፈልገናል፤ እኔ በተማርኩበት ክፍል ይህ ትምህርት በጠመኔ ተጀምሮ በጠመኔ አለቀ።

ስለዚህ አውሮፕላን ግዙ አልልም። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ በሳይንስ ሙዚየሙ አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩም በረድፍ የተደረደሩ ስምንት ድምፅ ማጉያዎች። ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰውን ድምፅ በኮምፒውተር ጥቂት በጥቂት ማዘግየት ይበቃል። ተማሪው መቆጣጠሪያውን ሲያዞር ድምፁ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሻገር በጆሮው ይሰማዋል፤ ማጉያዎቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ዕቃውም መርካቶ ይገኛል። ቦታው ከተፈቀደልኝ ገጣጥሜ የማቀርበው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ